ባዶው ብልቃጥ

ሰው ሕመም ሲጠናበት ጥፋቱን የሚፈልገው ከራሱ ነው። የማንን ልብ ሰበርኩ፣ ማንን አስቀየምኩ እያለ የኖረበትን ዘመን ሁሉ ይበረብራል። እናንተም ሳታደርጉት አልቀራችሁም። ሐኪሙን ግን የሚጠረጥር የለም።

ታላቅ እህቴ ዘሀራም አልጠረጠረችም። ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔ ኮምቦልቻ አስተምራለሁ፣ እሷም እዚያው ትኖራለች። መዳፏ እየተሰነጣጠቀ ስላስቸገራት፣ ሰው ቤት ስትጠራ ከገበታ ዘወር ብላ መቀመጥ ጀምራ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ቀበሌው በድምፅ ማጉያ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ዶክተር ደሴ ጤና ጣቢያ የእሬት ቅባት እየሞከረ መሆኑን ለፈፈ። አገር በቀል መድኃኒት፣ በነፃ። ዘሀራና ጎረቤታችን አለምነሽ በአውቶቡስ ወጡ፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ብልቃጥ ይዘው ተመለሱ።

የአለምነሽ እጅ ለሰለሰ። የዘሀራ ባሰበት።

"አላህ ቢቆጣኝ ነው" አለች። ዱዓ አስደረገች። አልበቃትም፤ ለዓመታት ካኮረፈቻት ከባሏ እህት ደጅ ሄዳ እግሯ ላይ ወደቀች። ሴትየዋም ጥፋቱ የራሷ መሆኑን እያወቀች፣ ኮራ ብላ "አፉ ብዬሻለሁ" አለቻት።

ብዙም ሳይቆይ ደሴ ሻይ ስንጠጣ፣ ጤና ጣቢያው ውስጥ የሚሠራ ወዳጄ እንደ ዋዛ፣ "ግማሹ ብልቃጥ እኮ ተራ ቫዝሊን ነው፤ ከእሬቱ ጋር ለማወዳደሪያ" አለኝ። ማወዳደር እንደሚያስፈልግ አይጠፋኝም። ግን ሳይነግሩ?

ለእህቴ ነገርኳት። መዳፏን ገልብጣ አየችና፣

"ለቫዝሊን ነው እንዴ እግሯ ላይ የወደቅሁት?" አለች።

በማግስቱ ተያይዘን ደሴ ጤና ጣቢያ ሄድን። ዶክተሩ ልጅ እግር ነው።

"ብንነግርዎት እምቢ ይሉን ነበር፣ እናቴ" አላት።

"መች ጠየቅኸኝ?"

እውነተኛውን ቅባት አውጥቶ ዘረጋላት፤ እሷ ግን አልተቀበለችውም። ተነሥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ "ይቅር ይበሉኝ" አላት።

ዘሀራ ወረፋ ወደያዘው ሰው ዞረች። "ለእነሱም ንገራቸው፤ ከዚያ አፉ እልሃለሁ።"

ነገራቸው። ሁለት ሦስቱ እያጉረመረሙ ወጡ። የቀሩት በተለቀቀው ቦታ ጠጋ ጠጋ ብለው ተቀመጡ።

ዘሀራም አፉ አለችውና ቅባቱን ተቀበለች። መዳፏም ቀስ በቀስ ዳነ። እኔን ግን ንዴቱ እስካሁን አልለቀቀኝም፤ ሰውን አስቀድሞ መጠየቅ እኮ እጅ ከመቀባት የበለጠ ጊዜ አይፈጅም።