የድጎማ ቢሮው ደጃፍ

አንባቢ ሆይ፣ የሥራ አጡን ብዛት በድጎማ ጠያቂው ቁጥር የሚለካ ሰው ገጥሞህ ያውቃል? ወዳጄ ታደሰ እንዲህ ያለ ሊቅ ነው። በየሳምንቱ በስደት አገራችን ኤሌፋንት ኤንድ ካስል በተባለው ሰፈር ስናልፍ፣ ከአውቶቡሱ መስኮት ለሥራ አጦች ገንዘብ የሚሰጠውን የድጎማ ቢሮ ደጃፍ ይመረምራል።

«ጋሼ፣ አመልካቹ ቀንሷል! ሥራ አጥነት ጠፋ ማለት ነው» አለኝ ባለፈው፣ ከረባቱን እያስተካከለ።

«አንተስ ከሥራ ከተባረርህ ወዲህ ለድጎማው አፕላይ አደረግህ?»

«እኔ? ሐበሻ እዚያ አይቶኝ ለሚስቴ ቢነግርብኝስ?»

«ሥራስ እየፈለግህ ነው?»

«መፈለግማ መባረሬን ማወጅ ነው፣ ጋሼ!»

እንግዲህ ታደሰ ከአመልካቾቹም፣ ሥራ ፈላጊውን ብቻ ከሚቆጥረው ከመንግሥት የሥራ አጥነት መጠንም ውጭ ነው። ወዲያው ሚስቱ ደወለች።

«ሥራ ላይ ነኝ፣ የኔ ቆንጆ» አላት።

የሚቆጠረው በእርሷ ዘንድ ብቻ ነው፤ እዚያም ሥራ ካላቸው ሰዎች ጋር።