ለመካኒኬ ሽማግሌ የሄድኩ ዕለት

መካኒክ ጠፋ። የመርሳ ሰው ከሆናችሁ አዲስ ነገር አልነገርኳችሁም። ግማሹ ዓረብ አገር ነው፣ ግማሹ አዲስ አበባ ነው፤ በቀረው ደግሞ የወልድያ ጋራዦች ይሻሙበታል። እኔ ከሚሻሙባቸው አንዱን ይዤ ነበር። ሰይድ ይባላል።

ጋራዤን ጋራዥ ያሰኘው እሱ ነው። ከእሱ በፊት ዘይት እንቀይር ነበር፤ እሱ ከመጣ ወዲህ ሞተር ማውረድ ጀመርን። ሹፌሮች ደሴ ላይ የጀመራቸውን ብልሽት እያስታመሙ እኛ ድረስ ይመጡ ነበር።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ተደርጎ ይያዛል? ስልኩ በጮኸ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል። አንዱ የወልድያ ባለ ጋራዥማ ሰላም ልልህ ነው ብሎ መጥቶ፣ የኔኑ ሻይ እየጠጣ፣ ዓይኑን ከሰይድ ላይ አልነቅል አለ። ደመወዝ ጨመርኩ። «ሰይድዬ» ማለትም ጀመርኩ። ሚስቴ ሳቀችብኝ። እኔን እንዲህ ብለህ ጠርተኸኝ ታውቃለህ ወይ? አለች።

ምክሩም የመጣው ከእሷው ነው። ሰውዬው ላጤ ነው፤ ሻንጣውን ካነሳ አነሳ ነው፤ ዳረውና ይቀመጥልሃል አለችኝ። እንዴት እስከዛሬ አላሰብኩትም! ሰይድን ጠጋ ብዬ፣ ዓይንህ ያረፈባት የለችም ወይ? አልኩት። እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ደግሞ ጠረገ። ሐራ ከተማ አንዲት ልጅ አለች አለኝ። እሷም ትወደዋለች። ችግሩ አባቷ ሐጂ ይማም ናቸው። ያለቻቸው ልጅ እሷው ብቻ ስለሆነች የመጣውን ሽማግሌ ሁሉ ይመልሳሉ።

ሽማግሌህ እኔ ነኝ አልኩት።

ከሰፈራችን ሽማግሌ ከሸህ ሁሴን ጋር ሄድን። እኔ ክርስቲያን፣ እሳቸው ሙስሊም፤ ወሎ ላይ ይህን የሚጠይቅ የለም። እሳቸው በሽምግልና ያረጁ ናቸውና መንገድ ላይ አስጠነቀቁኝ፦ «ዛሬ መልስ የለም። በመጀመሪያው ቀን ልጁን የሚሰጥ አባት የለም። አንተ ብቻ ወሬ አታብዛ።»

ሐጂ ይማም፣ ልጃችሁ ምን ይሠራል? ብለው ጠየቁ። ሸህ ሁሴን፣ ይሰግዳል፣ ሰው አይበድልም፣ ሠርቶ ያድራል ብለው ጨረሱ። ይህ ይበቃ ነበር። ግን እኔ ሽማግሌ ሆኜ ሙሽራ ላላመሰግን ነው? ስንቱ ተስፋ የቆረጠበትን ሞተር እንዳስነሳ ተረኩላቸው። የሐጂ ፊት ፈካ። ወፍጮስ ይሞክራል? አሉ። ዓይኑን ጨፍኖ ነዋ! አልኩ። ትራክተርስ? ሸህ ሁሴን ጎኔን ጎሰም አደረጉኝ። ማን ሊሰማቸው! ትራክተርማ ጨዋታው ነው አልኩ።

ሐጂ ቀጠሮ አልሰጡንም። ልጅቷን እዚያው ሰጡን። «አልሐምዱሊላህ! ስፈልግ የኖርኩት እንዲህ ያለውን ሰው ነው» አሉ። ለካ የቆመ ወፍጮ አላቸው፣ የቆመ ትራክተርም አላቸው። ልጄን ከዓይኔ አላርቅም፤ ከግቢዬ ጎን ቤት እሠራላቸዋለሁ፤ ሥራውም እዚሁ ከእኔ ጋር ይሆናል፤ በዚህ ከተስማማችሁ ዱዓ እናድርግ አሉ።

እስቲ ፍረዱኝ። እምቢ ብል ሰይድ የሚወዳትን ያጣል። እሺ ብል ጋራዤ ወደ ዘይት መቀየሩ ይመለሳል። ሸህ ሁሴን አያዩኝም፤ መሬት መሬቱን ያያሉ። እጆች ተዘረጉ። እኔም ዘረጋሁ። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ አሚን አልኩ።

መርሳ ስንደርስ ሰይድ መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ነገርኩት። ተጠምጥሞብኝ አለቀሰ፤ ሸሚዜን ግራሶ በግራሶ አደረገው። እኔም አለቀስኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከልቤ ደስ ብሎኛል፤ ከልቤም አዝኛለሁ። ያስለቀሰኝ የትኛው እንደሆነ አልለየሁትም። ሚስቴ ግን ወዲያው ለየችው።

ባለፈው ሰሞን ደግሞ ታደሰ እጁን እያሻሸ መጣ። ታደሰ ጎሚስታዬ ነው፤ ሰይድ ከሄደ ወዲህ ሞተሩንም የሚያወርድልኝ እሱ ነው። ጋሼ፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ አለኝ። የልጅቷን ጨዋነት፣ የልጅቷን መልክ ሊነግረኝ ጀመረ። አቋረጥኩት።

«አባቷ መኪና አላቸው?»

«ኧረ ጋሼ! ጋሪ እንኳን የላቸውም።»

ነገ በጠዋት እንሄዳለን አልኩት።