የትንሣኤ ቅደም ተከተል መመሪያ

የመካነ መቃብሩ ሥራ አስኪያጅ አርቆ አሳቢ መሆናቸውን የማያውቅ ካለ ይወቅ። ሌላው ሰው ስለ ጡረታው ሲጨነቅ እሳቸው የሚጨነቁት ስለ ትንሣኤ ሙታን ነበር። ሙታን ፊታቸው ወደ ምሥራቅ ሆኖ ይቀበራሉ፤ ጌታም ከምሥራቅ ይመጣል። እንግዲያው በምሥራቁ አጥር ሥር የተኛ ሰው ቀድሞ ይነሣል ማለት ነው። ይህን የመሰለ ግልጽ ነገር እስከ ዛሬ በመመሪያ አለመደገፉ ሥራ አስኪያጁን እንቅልፍ ነሳቸው።

መመሪያው ወጣ። በአንቀጽ ሦስት፣ «በዕለቱ ግፊያና መጉላላት እንዳይፈጠር» የመጀመሪያው ረድፍ ለአመራር አካላት ተለየ። በአንቀጽ አራት፣ «በዕለቱ የሚቀርብ ማንኛውም ጉዳይ በረድፉ ቅደም ተከተል ይስተናገዳል» ተባለ። ቁጥር አንድን ሥራ አስኪያጁ፣ በታላቅ ትሕትና፣ ለራሳቸው ያዙ።

ምን ይደረግ፣ የቀረው ረድፍ ባዶ ቢሆንም ቁጥር አንድ ላይ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የሞተ አንድ ጫማ ሰፊ ተኝቷል። አጠገቡ ያለችው ቦታ የሚስቱ ናት። በየቅዳሜው እየመጣች አበባውን ታጠጣለች፣ አረሙን ትነቅላለች፣ የራሷንም ቦታ ጠርጋ ትሄዳለች። አፅሙን ለማንሣት የእሷ ፊርማ ስለሚያስፈልግ ቢሮ ተጠራች።

«እማማ፣ ለባለቤትዎ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ጥሩ ቦታ አዘጋጅተናል።»

«እኔስ?»

«ለእርስዎ ቦታ ሲገኝ በደብዳቤ እናሳውቃለን።»

ሴትዮዋ እስክሪብቶውን አልነካችም። «አርባ ዓመት አንድ ጣራ ሥር ኖረናል። ያን ቀን ስነሣ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው እያልኩ ነው የምጽናናው» አለች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

የሥራ አስኪያጁ ሆድ ባባ፤ መመሪያው ግን ሆድ የለውም።

«የሕዝብ ጥቅም ጉዳይ ነው፣ እማማ።»

«ይሁን ጌታዬ። ግን ከተነሣችሁ በኋላ ምንድን ነው ያለው?»

«ከዚያማ ፍርድ ነው።»

«ከማን ይጀመራል?»

ሥራ አስኪያጁ አንቀጽ አራትን በጣታቸው ፈለጉና አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ላብ አጠመቃቸው።

«ለኅብረተሰቡ ቅድሚያ ከመስጠት አኳያ» የአመራሩ ቦታ ወዲያውኑ ወደ መጨረሻው ረድፍ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ተዛወረ። ጸሐፊያቸው ማሻሻያውን ተይባ ሳትጨርስ ፈረሙበት።

ሴትዮዋ እንባዋን ጠረገች። «እግዜር ይስጥልኝ። እኛም እንግዲህ ቀድመን ገብተን የምንጠየቀውን እንመልሳለን።»

«ምን ትጠየቃላችሁ?»

«እኔ ምን አውቄ። ካረፍክበት ሊያስነሣህ የነበረው ማነው ካሉት ግን፣ ባለቤቴ እንደሆነ መዋሸት አይችልበትም» ብላ ወጣች።

ለካ ከኋላ የተሰለፈ ሰው ተራው እስኪደርስ ከፊቱ ያለው ሁሉ ስለ እሱ ተናግሮ ይጨርሳል! መመሪያው ይህን አላሰበበትም።

ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጣ አበባው ጠጥቶ፣ አረሙ ተነቅሎ ታገኘዋለች። ሥራ አስኪያጁ ናቸው። ከረቫታቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ውኃ ማጠጫ ይዘው፣ መቃብሩ ላይ ጎንበስ ብለው ሲያንሾካሹኩ ዘበኛው በጆሮው ሰምቷል።

«ወንድሜ፣ ምናልባት ከጠየቁህ፣ ጸሐፊዋ ናት በላቸው።»