ስለ ዝምታ የተደረገ የሦስት ቀን ንግግር

ሂሳብ ለአገር ያለውን ከፍ ያለ ድርሻ በመገንዘብ፣ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎችን ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች መምህርነት የሚያበቃ ስልጠና ቆቦ ላይ ተዘጋጀ። አሰልጣኙ እኔ ነበርኩ። ለምን እንደተመረጥኩ አልጠየቅሁም፤ አስራ ዘጠኝ ዓመት ያስተማረ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠይቅም።

ርዕሱ «መምህሩ ጥቂት ይናገር፣ ተማሪው ብዙ ይሥራ» የሚል ነበር። ይህንኑ ሦስት ቀን ሙሉ ብቻዬን ተናገርኩ። በሁለተኛው ቀን የቆቦ ፀሐይ ጣራውን ሲያግለው መብራት ጠፋ፤ ፕሮጀክተሩም ጨለመ። አልተበገርኩም። ስላይዱ ቢታይ ኖሮ ምን ይል እንደነበር ማስረዳቴን ቀጠልኩ።

ከሰልጣኞቹ መካከል ራቢዓ የምትባል የሮቢት ልጅ እጇን አወጣች።

«ዶክተር፣ ተማሪው ካልገባውስ ምን እናድርግ?»

«ሰፊ ጥያቄ ነው። ስላይድ ሰባ ስምንት ላይ ይመለሳል።»

መብራት ሲመጣ ከፈትኩት። ስላይድ ሰባ ስምንት «ጥያቄ አለ?» ይላል።

በሦስተኛው ቀን ትምህርቱ በተግባር ይታይ ተባለና ስድሳ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች መጡ። አብዛኞቹ በእኔው የሊሚት ፈተና የወደቁ ናቸው፤ ከደገማቸው መንገዳቸው ወደ ቤት ነው። አርአያ ለመሆን ቀድሜ ወጣሁና ሰሌዳውን በሊሚት ትርጉም፣ በኤፕሲሎንና በዴልታ ሞላሁት።

«ገባችሁ?»

«አዎ!» አዳራሹ ተናጋ። ወደ ሰልጣኞቼ ዞሬ ክራቫቴን አስተካከልኩ።

ቀጥሎ የራቢዓ ተራ ሆነ። ከአስር ሰባት ያላገኘ ሰልጣኝ የሚያስተምርበት ክፍል አይሰጠውም፤ ነጥብ ሰጪውም እኔ ነኝ። እሷ ግን ሰሌዳዬን ጥርግ አድርጋ አጠፋችና ትርሲት የምትባለውን ተማሪ ጠየቀቻት።

«በገበያ ቀን ከሮቢት በባጃጅ ስትመጪ፣ የቆቦ ገበያ መሃል ድረስ ያስገባሻል?»

«ምን ያስገባኛል! መንገዱ ይዘጋል፤ ዳር ላይ ያወርደኛል።»

«ወዴት ስትጠጊ ነበር ታዲያ?»

«ወደ ገበያው ነዋ።»

«ከወዲያኛው፣ ከዋጃ በኩል የሚመጣውስ?»

«እሱም ወደዚያው።»

«ወላሂ ጨረስሽው! ባይገቡበትም ከሁለቱም በኩል የሚጠጉት አንድ ቦታ፣ ሊሚት ማለት እሱ ነው።»

«አንዱ ባጃጅ ወደ ሌላ ቦታ ቢያመራስ?» አለ ከኋላ አንድ ተማሪ።

«እንግዲያው ሊሚት የለማ!» አለች ትርሲት፣ ከራቢዓ ቀድማ። ክፍሉ እርስ በርሱ ይከራከር ጀመር።

እኔም ኃላፊነቴን ተወጣሁ። ቅጹ ላይ «ባጃጅ በሥርዓተ ትምህርቱ አልተካተተም፤ ተማሪዎችም ከመጠን በላይ ተናግረዋል» ብዬ ከአስር አራት ሰጠኋት።

ራቢዓ ቅጹን አየችው። ፊቷ ቢገረጣም ድምጿን አላነሳችም።

«የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት ዶክተር? ይንገሩኝና ላርመው።»

ቅጹን ተቀብያት ስህተቷን ልጽፍ ብዕሬን አወጣሁ። ስህተት አልነበረባትም። እኔ የሊሚትን ትርጉም አስራ ዘጠኝ ዓመት በቃሌ ስወጣው ኖሬ፣ ነገሩን በዓይኔ ያየሁት ገና ያን ዕለት ነበር። አራቱን ሰርዤ ዘጠኝ አደረግሁት። አስር እንዳልሰጥ ክብሬ ያዘኝ።

ሰኞ ራቢዓ የራሷን ክፍል ስትጀምር ደብተር ይዤ ከኋላ ተቀመጥኩ፤ በሪፖርቴ ላይ «ድጋፍና ክትትል» ብዬዋለሁ። ወደ ቀጣዩ ርዕስ፣ ወደ ዴሪቬቲቭ ስትሻገር እጄን አወጣሁ።

«እዚያች ላይ ለምንድን ነው ዜሮን በቀጥታ የማንተካው?»

ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። አጠገቤ የነበረችው ትርሲት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«አብሽሩ መምህር» አለችኝ በሹክሹክታ፤ «እኔም እርስዎ ሲያስተምሩኝ እንዲሁ ግራ ይገባኝ ነበር።»