ለማቆምዎ እንጠጣ

በእኛ ሰፈር ሰው ለምን እንደሚጠጣ አይጠየቅም። ጥያቄው የሚዘንብበት ያቆመ ዕለት ነው። እስኪ እናንተ ራሳችሁ ሰው በተሰበሰበበት «ይቅርብኝ፣ አልጠጣም» በሉ። አንዱ «አመመህ እንዴ?» ይላል፤ ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መድኃኒት ጀመርክ?» ይላል፤ ሦስተኛው ሃይማኖት ቀይራችሁ እንደሆነ በዓይኑ ይመረምራችኋል። ለመጠጣት ምክንያት አያሻም። ለመተው ግን ምስክር መቁጠር ይኖርባችኋል።

ጋሽ አያሌውን ያገኛቸው ይኸው ነው። ጎጃም በረንዳ፣ ከእኔ ሱቅ ጎን፣ ገመድና ከረጢት ይሸጣሉ። እኔ ክርና ዚፕ እሸጣለሁ፤ ንግዱን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጨዋ ናቸው፤ ሰክረው እንኳ ሰው አይሳደቡም። ሰክረው ስላችሁ ታዲያ በዓል ጠብቀው እንዳይመስላችሁ። ጠዋት ጠዋት እጃቸው መንቀጥቀጡን የሚተወው ትንሽ ከቀመሱ በኋላ ነበር። ጠበሉን ሞክረዋል፤ ስለት ተስለዋል፤ በልጃቸው ምለዋል። በመጨረሻ ሐኪም ጉበታቸውን አይቶ ከእንግዲህ መጠጥ እንደሚገድላቸው ነገራቸው። በማግስቱ ባለቤታቸው እትዬ ውድነሽ ሱቄ በር ላይ መጥተው ቆሙ።

«አንተን ይሰማሃል» አሉኝ።

ጤና ጣቢያ ያለች አንዲት ነርስ፣ መጠጥ ለማቆም የሚሞክሩ ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት ራጉኤል አካባቢ እየተሰበሰቡ እንደሚነጋገሩ ነገረችን። ፍለጋ ወጣን። መርካቶ ውስጥ የፈለጉትን ነገር ጮክ ብሎ መጠየቅ ነው ልማዱ፤ ይህን ግን ምን ብለው ይጠይቁታል? ጋሽ አያሌው አንዱን ዘበኛ ጠጋ አሉና በሹክሹክታ «የመጠጥ ሰዎች የሚሰበሰቡት የት ነው?» አሉት። ሰውየው በታላቅ አክብሮት ድራፍት ቤት አሳየን።

ቤቱን ስናገኘው የአንድ እድር ዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ ተገኘ። ድንኳኑ ተጠቅልሎ ጥግ ይዟል፤ የለቅሶ ድስቶቹ እስከ ጣሪያ ተደራርበዋል፤ የተቀመጥንበትም የለቅሶ ወንበር ነው። ጋሽ አያሌው ዙሪያውን ቃኙና «ሁሉንም አሰናድታችሁ ነው የጠበቃችሁኝ» አሉ። ሰዎቹ ሳቁ። እኔ አልቻልኩም።

ሰብሳቢው መስፍን የሚባል የቀድሞ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ማንንም አይሰብክም። የፈለገ ይናገራል፣ ያልፈለገ ይሰማል። ጋሽ አያሌው ለተወሰኑ ቅዳሜዎች ዝም ብለው ሰሙ። እኔን ደግሞ ሁሉም በሐዘኔታ ያየኛል፤ ሰው ለመሸኘት ነው የመጣሁት ብል ማን ያምነኛል? እዚያ ቤት መጀመሪያ ሲመጣ እንዲያ ያላለ የለም።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ አያሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ድሮ ሰክሬ ስገባ ውድነሽ ትጮህብኝ ነበር» አሉ። «ልጄ በሩን ከፍታ፣ እያለቀሰች ጫማዬን ታወልቅልኝ ነበር። አምና የራሴን ቁልፍ አስቀርጸው ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ የሚጮህብኝም፣ የሚያለቅስልኝም የለም። ስገባ ሁሉም ተኝቷል። እንዳልተኙ ግን አውቃለሁ።»

አጠገባቸው የነበረች ሴት ትከሻቸው ላይ እጇን አሳረፈች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አቆሙ። እውነቴን ነው፣ አቆሙ። ላቡም፣ እንቅልፍ ማጣቱም፣ በሰው ላይ መነጫነጩም ቀስ በቀስ አለፈ። እትዬ ውድነሽ ምሳ ቋጥረው ሱቅ ድረስ ማምጣት ጀመሩ። ሁለቱ ከረጢት ክምር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲበሉ እያየሁ ደንበኛ አስቆሜ ረስቼ አውቃለሁ።

ወሬው በረንዳውን አዳረሰ። ወዳጆቻቸው ከልባቸው ተደሰቱ፤ ክፋት አልነበረባቸውም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። «እንኳን ተገላገሉት!» ብለው ቁርጥ ቤት ምሳ ጋበዟቸው፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ቁርጥ ደግሞ ማወራረጃ ይፈልጋል። ሁሉም ብርጭቆውን አነሳ። «ለማቆምዎ እንጠጣ!» ተባለ። ጋሽ አያሌው ለስላሳቸውን አነሱ።

«ኧረ ጋሼ፣ በለስላሳማ ደስታ አይሆንም! ዛሬን ብቻ!» ብሎ አንዱ አረቄ ቀዳላቸው።

መለኪያውን በመዳፌ ከደንኩት። ጋሽ አያሌው እጄን ቀስ አድርገው አነሱት።

«ሰው ደስ ብሎታል» አሉኝ፤ «አታስቀይምብኝ።»

ማንንም አላስቀየሙም።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ልወስዳቸው ስመጣ «በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» ብለው ቀሩ። የቀሩበትን ምክንያት ልናገር ብቻዬን ሄድኩ፤ ተናግሬ ልመለስ ስል ወንበር ሳቡልኝ። ይኸው እስካሁን እሄዳለሁ። በሕይወቴ ጠጥቼ የማላውቅ ሰው የጠጪዎች ጉባኤ ቋሚ ተሰላፊ ሆኜላችኋለሁ። እትዬ ውድነሽ ወደ በረንዳው መምጣት ትተዋል።

ሰኞ ጠዋት ሱቅ ስንከፍት ጋሽ አያሌው የቅዳሜውን ይጠይቁኛል። ማን መጣ? ያቺ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ በረታች? ከልባቸው ነው የሚያዳምጡት። ፊታቸው ቢጫ እየሆነ መጥቷል።

«እርስዎንም ጠይቀዋል» አልኳቸው ባለፈው።

«ምን አልካቸው?»

«ይመጣሉ አልኳቸው።»

«ደግ አልክ» አሉኝና ከከረጢቶቹ መሃል የውሃ ፕላስቲካቸውን አወጡ። ውሃ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እኔ ወደ መንገዱ ዞርኩ፤ እሳቸው ክዳኑን ፈቱ።