የሚዛን ጆሮው ከወንበራቸው ስለመነሳታቸውና ስላለመነሳታቸው

የሐረር የድምፅ ጥራት ወዳጆች ማኅበር መደበኛ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር፣ የሊቀ መንበሩ የአቶ አባይነህ ቤት፣ ፎቅ ላይ ያለችው ክፍል። ከሥሯ የልብስ ሰፊው የአቶ ዓብዱላሂ ሱቅ አለ።
የተጠራበት ሰዓት፦ 8፡00
የተጀመረበት ሰዓት፦ አቶ ሙክታር የረሱትን ገመድ ይዘው ሲመለሱ

የተገኙ፦
1. አቶ አባይነህ፣ ሊቀ መንበርና ሚዛን ጆሮ፤ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር
2. አቶ ሙክታር፣ የመሣሪያ ኃላፊ፤ ፈረስ መጋላ ላይ የስልክ ዕቃ ነጋዴ
3. ወ/ሪት ብሌን፣ አባል፤ የባንክ ሠራተኛ
4. ወ/ሮ ሰልማ፣ አባል፤ አቦከር ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ
5. ኤልሳዕ፣ ጸሐፊ፤ በሌላ ሰው እጦት

ያልተገኙ፦
አቶ ወንድወሰን፣ በፈቃድ፤ ጆሯቸውን ለማሳጠብ ሐኪም ዘንድ ስለሄዱ።
ወ/ሮ ዮዲ፣ ማኅበሩ የጆሮ ማዳመጫ ማኅበር ሆኖ ሳለ ትልልቅ ስፒከር ካለው ሰው ጋር ጋብቻ በመፈጸማቸው አባልነታቸው በመጣራት ላይ ነው።
ሌሎች ሁለት አባላት፣ ያለ ፈቃድ፣ ያለ ምክንያትና ከሁለት ዓመት ወዲህ።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከዘጠኝ አባላት አምስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ልክ በልኩ ተሟልቷል። በደንባችን መሠረት ማንኛውም ውሳኔ የሚጸናው ቃለ ጉባኤው ተነቦ እስኪፈረም ድረስ፣ ከሰላት ዕረፍት በቀር፣ አምስቱም ከተቀመጡ ብቻ ስለሆነ፣ ሊቀ መንበሩ አባላት ሻይ ሲጠጡ ሽንት ቤቱ ታች ግቢው ውስጥ መሆኑን እንዲያስቡ አሳስበዋል።

አጀንዳ 1፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ስለማጽደቅ

ጸሐፊው ያለፈውን ቃለ ጉባኤ አነበቡ። አቶ ሙክታር «ሞቅ ያለ ድምፅ» አሉ ተብሎ የተጻፈባቸው ስህተት መሆኑን፣ እሳቸው ያሉት «ለስለስ ያለ» መሆኑን፣ የሁለቱ ልዩነት ያልገባው ሰው ደግሞ ቃለ ጉባኤ ባይዝ እንደሚሻል ገለጹ። ጸሐፊው ልዩነቱ በሚገባ እንደገባቸው፣ ሆኖም በዕለቱ አቶ ሙክታር የተናገሩት ጉንጫቸው ሙሉ ሳለ በመሆኑ ቃሉን ለመያዝ እንደተቸገሩ መለሱ። ወ/ሮ ሰልማ ሁለቱም ቃላት ስለ ገንፎ ቢነገሩ የተሻለ ትርጉም እንደሚሰጡ ተናገሩ። ንግግራቸው ከአጀንዳ ውጭ ነው ተባለ። ከረጅም ውይይት በኋላ «ሞቅ ብሎ የለሰለሰ» ተብሎ እንዲታረም ተወስኖ ቃለ ጉባኤው ጸደቀ።

በዚሁ አጋጣሚ ባለፈው ስብሰባ የወጣው አንቀጽ ሰባት ተነበበ፦ «በምዘና ጊዜ ‹ልዩነቱ አልተሰማኝም› የሚል አባል በቀጣዩ ስብሰባ ድምፅ አይሰጥም።» አንቀጹን ለማውጣት የተገደድነው አቶ ወንድወሰን ይህንኑ በመናገራቸውና የሦስት ወር ክርክራችንን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊያፈርሱት በመቃረባቸው ነበር።

አጀንዳ 2፦ የሚዛን ጆሮው ጉዳይ

ሚዛን ጆሮ ማለት አባላት ከሁለት ማዳመጫዎች የትኛው እንደሚበልጥ መስማማት ሲያቅታቸው፣ ማለትም ሁልጊዜ፣ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጥ ሰው ነው። አቶ አባይነህ ኃላፊነቱን ማኅበሩ ከተቋቋመ ጀምሮ ይዘውታል።

አጀንዳውን ያስያዙት አቶ ሙክታር ሐሳባቸውን ያብራሩት ጣሪያውን እየተመለከቱ ነው። ጋሼ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ «ትንሽ ከፍ አድርጉት» ማብዛታቸውን፣ ይህም ምናልባት ከመሣሪያው፣ ምናልባት ከአየሩ፣ ምናልባትም ከጥምቀት ሰሞን ድካም ሊሆን እንደሚችል፣ እሳቸው ምንም እንዳላሉ፣ ግን አንድ ነገር መባል እንዳለበት ገለጹ።

«ሙክታር፣ አታስታምመኝ» አሉ ሊቀ መንበሩ።

ከዚያም ጉዳዩን ራሳቸው አቀረቡ። ከሁለት ወር ወዲህ ባለቤታቸው ወ/ሮ ሙሉነሽ ከታች ከግቢው ሲጣሩ እሳቸው የሚሰሙት በሦስተኛው መሆኑን፣ ወ/ሮ ሙሉነሽም «ጆሮው ሄዷል» እያሉ ለጎረቤት መናገር መጀመራቸውን አስረዱ።

«እሱ ጆሮ አይደለም ጋሼ» አሉ አቶ ሙክታር፣ «ትዳር ነው።»

ጉባኤው ሳቀ። ሊቀ መንበሩ አልሳቁም። የሳቁት አባላት ይህንን ሲያዩ በየተራ አቆሙ።

አቶ አባይነህ ቀጥለው፣ ማስተማር ካቆሙ ወዲህ ቀበሌም ሆነ ቤት ውስጥ «አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ የሚጠይቃቸው ሰው እንደሌለ፣ አራት ሰዎች አፋቸውን ዘግተው የእሳቸውን ቃል የሚጠብቁት እዚህ ብቻ መሆኑን ገለጹ። ጆሯቸው ከሄደም ሌሎች ከሚያንሾካሹኩ በፊት ራሳቸው ማወቅ እንደሚፈልጉ ተናገሩ።

«በየወሩ ይቺን ክፍል የምጠርጋት ለእናንተ ሻይ አይደለም፤ ለዚች ወንበር ነው» አሉ። «ግን ዛሬ ካልሰማሁ እለቃታለሁ።»

ማዳመጫውና የሊቀ መንበሩ ጆሮ በአንድ ጊዜ እንዲመዘኑ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ አዲሱን ማዳመጫ ስለመመዘን

አቶ ሙክታር አዲሱን ማዳመጫ አስተዋወቁ። ልዩ የሚያደርገው ጀርባው ክፍት መሆኑ ነው፤ ድምፁ ስለማይታፈን ይተነፍሳል። ወ/ሮ ሰልማ ከውስጥ የሚያስወጣ ከሆነ ከውጭስ አያስገባም ወይ ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ለጀማሪዎች በሚዘጋጅ መድረክ እንዲመለስ ተባለ።

የሚደመጠው ዘፈን ላይ ክርክር ተነሳ። ወ/ሪት ብሌን ጊታር፣ አቶ ሙክታር መንዙማ፣ ጸሐፊው ደግሞ ማንም ሰምቶት የማያውቅ ነገር አቀረቡ። በመጨረሻ ከበሮ የበዛበት አንድ የሐረር የሠርግ ዘፈን ተመረጠ፤ ምክንያቱም ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን።

በሥነ ሥርዓታችን መሠረት የፋብሪካ ስም አይቶ አድልዎ እንዳይፈጠር ማጫወቻውና ማጉያው በወ/ሮ ሰልማ ሻርፕ ተሸፈኑ፤ መዛኞችም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አቶ ሙክታር እጃቸውን ከሻርፑ ሥር አስገብተው ገመዱን ሰኩ፤ ወይም የሰኩ መሰላቸው። ስለዚህ በኋላ ይገለጻል።

መጀመሪያ የሰሙት አቶ ሙክታር ራሳቸው ሲሆኑ፣ «ይሄ በቃል የሚገለጽ አይደለም» ብለው ረዘም ላለ ጊዜ በቃል ገለጹት።

ወ/ሪት ብሌን ከበሮው ከወደ ግራ ዝቅ ብሎ እንደሚመጣ፣ የሚመቱት ሁለት ሰዎች እንደሆኑ፣ አንደኛው እየቆመ ሌላኛው እንደሚቀጥል፣ በሌላ ማዳመጫ ይህንን ሰምተው እንደማያውቁ ገለጹ። ከአሥር ዘጠኝ ሰጡ።

ጸሐፊው ዘፋኟ ከመጀመሯ በፊት ትንፋሽ ስትወስድ መስማታቸውን፣ ባሱ ደረቅ ግን ቅን መሆኑን አስረዱ። ዓይናቸውም እንባ አቀረረ። ዘጠኝ ከግማሽ ሰጡ። (ጸሐፊው ስለ እንባው የተጻፈው እንዲሰረዝ በኋላ ያቀረቡት ጥያቄ በድምፅ ብልጫ ወድቋል።)

ወ/ሮ ሰልማ የተማሪ ፈተና እያረሙ ስለነበር ተራቸውን አሳለፉ።

አቶ አባይነህ መነጽራቸውን አውልቀው ማዳመጫውን አደረጉ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጥቂት ቆይተው «ተጀምሯል?» ሲሉ ጠየቁ። ወ/ሪት ብሌን መጀመሩን በአክብሮት ነገሯቸው። ሊቀ መንበሩ በጣታቸው ወደ ላይ አመለከቱ። አቶ ሙክታር ከፍ አደረጉት። ጣታቸው እንደገና ወደ ላይ ሄደ። አቶ ሙክታር ከዚህ በላይ እንደማይሄድ በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ ሊቀ መንበሩ ግን ዓይናቸውን ስለጨፈኑ አላዩትም።

በመጨረሻ ማዳመጫውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ምንም አይሰማኝም» አሉ።

ሁሉም ዞሮ አያቸው። «ልጆች፣ እንዲህ አትዩኝ» ሲሉ ጨመሩ። «አረጀሁ እንጂ ሞትኩ አላልኩም።»

አንቀጽ ሰባት ይመለከታቸዋል ወይ በሚለው ላይ ውይይት ተደርጎ፣ አልተሰማኝም ያሉት ልዩነቱን ሳይሆን ሁሉንም ስለሆነ እንደማይመለከታቸው ተወሰነ። በመቀጠልም፦

ሀ) ኃላፊነታቸውን መልቀቃቸው በታላቅ ኀዘን ተቀባይነት አገኘ፤
ለ) «የክብር ጆሮ» የሚል ማዕረግ እንዲሰጣቸው ተወሰነ፤ ማዕረጉ ምንም መስማትን አይጠይቅም፤
ሐ) እስካሁን ምንም ነጥብ ባለመስጠታቸው ምንም ስህተት ያልተገኘባቸው ወ/ሮ ሰልማ አዲስ ሚዛን ጆሮ ሆነው ተመረጡ።

አቶ አባይነህ ወደ ታች ልውረድ ቢሉም ምልዓተ ጉባኤው እንዳይፈርስ ተለምነው ቀሩ። ነገር ግን ከወንበራቸው ተነስተው ፍራሹ ላይ ተቀመጡ። ወንበሩን ለወ/ሮ ሰልማ ያቀረቡት ራሳቸው ናቸው፤ መቀመጫውንም በመሐረባቸው ጠረጉት።

ወ/ሮ ሰልማ የእርማት እስክሪብቷቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ ከዚያም ማዳመጫው ስላስቸገራቸው አውርደው፣ የመጀመሪያ ሥራቸውን ጀመሩ። ከበሮው ጥሩ እንደሆነ፣ ዘፋኟ ግን ስትዘገይ እንደታያቸው በመናገር ላይ ሳሉ ከመስጊድ የዐስር ሰላት አዛን ተሰማ። ወ/ሮ ሰልማ ንግግራቸውን አቋረጡ።

«ሙክታር፣ ይሄ ዘፈን ለሰላት ይቆማል እንዴ?»

«ወላሂ አይቆምም» አሉ አቶ ሙክታር።

«ቆመ እኮ።»

በዚህ ጊዜ ከታች አቶ ዓብዱላሂና ወንድማቸው የስፌት መኪኖቻቸውን አቁመው፣ የሱቁን መዝጊያ ገርበብ አድርገው ወደ መስጊድ ሲሄዱ በመስኮቱ ታዩ። አቶ ሙክታር ሻርፑን ገለጡ። የማጉያው መብራት ይበራል። ማጫወቻው ይጫወታል። የማዳመጫው መሰኪያ ግን ከማጉያው አጠገብ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ምንም ሳይነካው ተጋድሟል።

ስብሰባው ለሰላት ተቋረጠ። በዕረፍቱ የቀሩት አባላት እርስ በርስ ላለመተያየት የየራሳቸውን ግድግዳ መረጡ።

ስብሰባው ሲቀጥል፣ ማለትም አቶ ሙክታርና ወ/ሮ ሰልማ ተመልሰው ከታችም መኪኖቹ እንደገና ሲነሱ፣ ወ/ሪት ብሌን ሁለቱ ከበሮ መቺዎች ማንና ማን እንደሆኑ በራሳቸው አንደበት ለጉባኤው ገለጹ። ጸሐፊው ትንፋሽ የወሰደችው ዘፋኝ ማን ልትሆን እንደምትችል ተጠይቀው፣ ምናልባት የአቶ ዓብዱላሂ የከሰል ካውያ ሊሆን ይችላል ብለዋል። አቶ ሙክታር ማዳመጫው የስፌት መኪናን ይህን ያህል ጥርት አድርጎ ማሰማቱ የጥራቱ ማስረጃ ነው ሲሉ ተከራከሩ። ደጋፊ አላገኙም።

አንድ ነገር ግን አልተነገረም ነበር። ወ/ሪት ብሌን አነሱት።

«ጋሼ፣ መኪናውስ? መኪናውም አልተሰማዎትም?»

አቶ አባይነህ ጥያቄው ገርሟቸው ተመለከቷቸው።

«መኪናውማ ይሰማል እንጂ። እዚህ ቤት ከተወለድኩ ጀምሮ ይሰማኛል። እናንተ የጠየቃችሁኝ ዘፈኑን ነው።» ጥቂት አዳመጡ። «የዓብዱላሂ ወንድም መኪና ዘይት ያስፈልገዋል። ከሰኞ ጀምሮ ልነግረው እያልኩ ነው።»

አቶ ሙክታር መሰኪያውን፣ አምስታችንም እያየን፣ ሰኩ። አቶ አባይነህ ማዳመጫውን አደረጉ፤ ከፍራሹም ብድግ ብለው ጣታቸውን ወደ ታች እያመለከቱ «ቀንሰው፣ ቀንሰው፣ ልትገድለኝ ነው?» አሉ።

ጉባኤው አጨበጨበ። ሊቀ መንበሩ ግን ደስታቸውን ጀምረው ሳይጨርሱት ሐሳብ ገባቸው። ጆሯቸው ደህና ከሆነ የወ/ሮ ሙሉነሽ ሁለት ጥሪዎች የት እንደሚሄዱ ለራሳቸው፣ ግን ሁላችንም እየሰማን ጠየቁ። አቶ ሙክታር ቀደም ብለው የሰጡትን አስተያየት ሊደግሙ ሲሉ ወ/ሮ ሰልማ በእስክሪብቶ ወጓቸው።

«እንደ መኪናው አድርጌያታለሁ» አሉ አቶ አባይነህ፣ ቀስ ብለው።

በዚህ ላይ ውይይት አልተደረገም። በቀጥታ ወደ ውሳኔ ተገብቶ፦

መ) የዛሬው ነጥብ ሁሉ እንዲሰረዝ፤
ሠ) ሊቀ መንበሩ ወደ ወንበራቸው እንዲመለሱ፤
ረ) አንቀጽ ሰባት እንዲሻር፣ ከእንግዲህም አባላት ያልሰሙትን አልሰማሁም እንዲሉ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ጸሐፊው ለፊርማ እንዲሆን ቃለ ጉባኤውን ማንበብ ጀመሩ። የተገኙትን ስም ዝርዝር አንብበው ሳይጨርሱ ከግቢው ወ/ሮ ሙሉነሽ «አባይነህ» ሲሉ ተጣሩ፤ አንድ ጊዜ።

«አቤት» አሉ ሊቀ መንበሩ፣ ተነስተውም ወረዱ። ምልዓተ ጉባኤው በደረጃው ላይ እየቀነሰ ሲሄድ ለቀሩት አባላት ይሰማ ነበር።

በመሆኑም የቀሩት አራት አባላት፣ አንዳችም ነገር የመወሰን ሥልጣን ሳይኖራቸው፣ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር ወስነዋል። ስለዚህ አቶ አባይነህ ኃላፊነታቸውን አልለቀቁም፣ አልተመለሱምም፤ ቀድሞውንም እዚያው ነበሩ። ወ/ሮ ሰልማ ወደ እርማታቸው ተመልሰዋል። አንቀጽ ሰባት በሥራ ላይ ነው። ባለፈው ቃለ ጉባኤ የሰፈረው የአቶ ሙክታር «ድምፅ»ም ለስለስ ማለቱ ቀርቶ እንደ ቀድሞው ሞቅ ያለ ሆኗል፤ ተቃውሟቸው ተመዝግቧል።

ስብሰባው 11፡10 ላይ ተበተነ። በዚያው ሰዓት ወ/ሮ ሙሉነሽ ከታች «ዛሬ ደግሞ ምን ነካህ? ገና አንዴ ስጠራህ?» ሲሉ ለአራታችንም ጥርት ብሎ ተሰምቶናል። ማዳመጫ ያደረገ አልነበረም።