ምርቃት የከለከለችው ኢኮኖሚስት

በቤታችሁ የአስራ አንደኛ ክፍል የኢኮኖሚክስ ተማሪ አለ? እግዜር ያጽናችሁ! የኔዋ ልጅ ሜሮን መጽሐፉን ከጀመረች ወዲህ እናቷን «የሰው ኃይል» ብላ ልትጠራት ምንም አልቀራት።

ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ ለቅሶ ልትደርስ ስትሄድ፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየሙ ሥር ያለችውን የአትክልት ሱቃችንን ሜሮን ተረከበች። እኔ? እኔማ በሥራ አስኪያጇ ትእዛዝ የድንች ጆንያ እሸከም ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ሁለት ኪሎ ሽንኩርት አስመዘኑና ፌስታላቸውን ከፍተው ቆሙ።

«ጨርሻለሁ እኮ፣ እትዬ።»

«ምርቃቱስ?»

«ከሚዛን በላይ የሚጨመር ነገር ወጪ ነው። ትርፍ ይቀንሳል።»

እትዬ ዘነበች ሽንኩርቱን አንድ በአንድ ሚዛኑ ላይ መለሱላት። «እንግዲያው ከነትርፍሽ ያዢው፣ ልጄ» ብለዋት ወጡ። ወሬው በየፎቁ ደርሶ ኖሮ እስከ ምሳ ሰዓት ዝንብ እንኳ ዝር አላለብንም። ሜሮን መጽሐፏን እያገላበጠች «ዋጋ ሳይጨምር ፍላጎት እንዴት ይወርዳል?» ትላለች። መልሱን ባውቅም ጆንያዬን ተሸከምኩ፤ ተቀጣሪ ምን አገባው?

ከሰዓት ባለቤቴ ስትመለስ እኛ መገናኛ ወርደን ብርቱካን ገዛን። ሻጩ መዝኖ ሰጣት። ኢኮኖሚስቷ ግን ፌስታሏን ከፍታ ንቅንቅ አላለችም።

«ጋሼ፣ ምርቃቱስ?»

ሁለት ጨመረላት።

«ወጪ አላበዛሽበትም?» አልኳት።

«አባዬ ደግሞ! እሱ እኮ ደንበኛ መያዝ ነው» አለችና፣ ወዲያው በምርቃት ያገኘቻቸውን ሁለት ብርቱካኖች ከፌስታሉ አውጥታ ለየች። ሰሚት ስንደርስ ሁለቱን ብርቱካኖች ይዛ የእትዬ ዘነበችን በር አንኳኳች።